ለወንጌል ወደ ውጭ አገር ልንሄድ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት በምን እንጀምር?

መንገደኛ፦

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። እኔንና ባለቤቴን ቤተ ክርስቲያናችን ክርስቲያን እምብዛም ወደሌለበት አገር ልትልከን በዝግጅት ላይ ነን። የምንሄድበት ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስን አያውቅም፤ ከሚያነበው የሚያዳምጠው ይበዛል። ሁለታችንም ለዓመታት መስክረናል፤ ነገር ግን ስለ እግዚአብሔርና ስለ ኃጢአት ከልጅነቱ ሲሰማ ላደገ ሰው ነው። አሁን ግራ የገባን ይህ ነው፦ ቋንቋው እስኪያዝልን ዝም እንበል ወይስ በአስተርጓሚ እንጀምር? ወንጌሉን ከየት ተነሥተን እንናገር? የተቸገረ ሰው ገንዘብ ቢጠይቀንስ? ሕግ በሚከለክልበት ቦታስ? ጸሎቱን ይዘናል፤ ከጸሎቱ ጋር በተግባር የሚደረገውን የምታውቁ ዘርዝራችሁ ብትነግሩን።

የቋንቋ ሰው፦

ወንድሜ፣ ከቋንቋው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ባወጣው ግምት፣ እንደ ስፓኒሽ ላለ ቅርብ ቋንቋ ከ600 እስከ 750፣ ለዓረብኛ፣ ለቻይንኛና ለጃፓንኛ ደግሞ 2200 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል። በሳምንት 20 ሰዓት ቢማሩ 2200 ሰዓት ከሁለት ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ከላኪዎቻችሁ ጋር ስትነጋገሩ የመጀመሪያው ዓመት ሥራችሁ ቋንቋ መሆኑን በጽሑፍ አስቀምጡ። ይህ ካልተጻፈ በአራተኛው ወር «ስንት ሰው አመነ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ እናንተም ተሸማቅቃችሁ ትምህርቱን ትታችሁ ወደ ስብሰባ ትሮጣላችሁ። በዚያ ዓመት ያልተማራችሁትን ቋንቋ በኋላ አትማሩትም፤ ጊዜውም ትዕግሥቱም አይኖርም።

አካሄዱን በተመለከተ፣ ከመጽሐፍና ከሰዋስው አትጀምሩ። የአካባቢው ተናጋሪ የሆነ አንድ ረዳት ቅጠሩ። መጀመሪያ ላይ እሱ ይናገራል፣ እናንተ በእጅ ትጠቁማላችሁ፦ አሥር ያህል ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ስማቸውን ሲጠራ የተጠራውን አንሡ። ሁለት አዲስ ቃል፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ የቀደሙትን እየደጋገማችሁ። ሠላሳ ሰዓት ያህል በመስማት ብቻ ብትቆዩ ድምፁ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል፤ አፍ በኋላ ይከተላል። ከዚያ ወደ ትእዛዝ («ተነሣ፣ በሩን ክፈት»)፣ ቀጥሎም ጽሑፍ የሌለባቸው የሥዕል መጻሕፍትን እያያችሁ ወደ መተረክ እለፉ። እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ በስልክ ቅዱና ማታ አዳምጡት። ባልና ሚስት አብራችሁ ስትማሩ አንዱ ይፈጥንና ሌላው ይጨነቃል፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ የየራሳችሁ ረዳት ቢኖራችሁ ይሻላል። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ትምህርቱ ተራ በተራ ይሁን፤ ካልሆነ ቤት የምትቀረው እናት ከሁለት ዓመት በኋላም ሰላምታ ላይ ናት።

ስለ አስተርጓሚ፦ ለሐኪም፣ ለውልና ለመንግሥት ጉዳይ ያለ ጥርጥር ተጠቀሙ። ለምስክርነት ግን አደጋ አለው። በሐዋርያት ሥራ 14 ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራ የሚናገሩትን ሕዝቡ ይሰማል፤ ሕዝቡ ግን እርስ በርሱ የሚነጋገረው በሊቃኦንያ ቋንቋ ነው። በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው በአማልክቶቻቸው ስም መጥራታቸው ሐዋርያቱ ጆሮ የደረሰው ኮርማዎቹ ለመሥዋዕት ከቀረቡ በኋላ ይመስላል። በጋራ የንግድ ቋንቋ ወይም በአስተርጓሚ የሚናገር ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሰሚው በጓዳው ቋንቋ ምን እያለ እንደሆነ አያውቅም። የግድ ከሆነ አስተርጓሚውን አስቀድማችሁ አግኙት፣ የምትናገሩትን ሙሉውን አንብቡለት፣ ያልገባውን ይጠይቃችሁ። ስትናገሩም አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ፤ ግጥምና የቃላት ጨዋታ አይኑር።

ዝም አትበሉ። በስድስተኛው ወር ገደማ የሦስት ደቂቃ የራሳችሁን ምስክርነት በቃል ያዙ፦ ቀድሞ ምን ነበርኩ፣ ክርስቶስን እንዴት አወቅኩ፣ አሁን ምን ተለወጠ። «በደሙ ታጠብኩ»፣ «ዳግም ተወለድኩ» የሚሉትን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ዮሐንስ 3 ላይ ኒቆዲሞስ እንኳ በሌሊት ቁጭ ብሎ አስረዳኝ ያለው ነገር ነው። ከዚያ ለክርስቲያን ሳይሆን ለማያምነው የቋንቋ ረዳታችሁ ንገሩትና «የሰማኸውን መልሰህ ንገረኝ» በሉት። የነገራችሁትና የመለሰላችሁ የተለያዩበት ቦታ የሚታረመው ነው።

ዘሪ፦

ከላይ የተጻፈውን እደግፋለሁ፤ «ከየት እንጀምር» ለሚለው ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ሦስት የተለያየ አጀማመር ያሳያል። በምዕራፍ 13 ጳውሎስ ምኩራብ ውስጥ ለአይሁድ ሲናገር ከግብፅ መውጣትና ከዳዊት ይነሣል። በምዕራፍ 14 ጣዖት ለሚያመልኩት ስለ ሙሴም ስለ ዳዊትም አንድ ቃል አይናገርም፤ ሰማይንና ምድርን ከፈጠረው፣ ዝናብና ፍሬ ከሚሰጠው ሕያው አምላክ ይነሣል። በምዕራፍ 17 ደግሞ በአቴና «ለማይታወቅ አምላክ» ከሚለው መሠዊያ። ሁልጊዜ የሚነሣው ሰሚው ከቆመበት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ለማያውቅና ለማያነብ ሕዝብ የሚበጀው ታሪኩን በቅደም ተከተል መተረክ ነው። ከ20 እስከ 25 ታሪክ ይበቃል፦ ፍጥረት፣ የአዳምና የሔዋን ውድቀት፣ ቃየንና አቤል፣ የጥፋት ውኃ፣ የአብርሃም ጥሪ፣ የይስሐቅ መሥዋዕት፣ ፋሲካ፣ ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ዳዊት፣ የነቢያት ተስፋ፤ ከዚያ የጌታ ልደት፣ ጥምቀቱና ፈተናው፣ ሽባው ሰው፣ ማዕበሉ፣ ሌጌዎን (ብዙ አጋንንት ያደሩበት ሰው)፣ ሳምራዊቷ ሴት፣ የጠፋው ልጅ፣ አልዓዛር፣ የመጨረሻው እራት፣ ስቅለት፣ ትንሣኤ፣ ዕርገት፣ በዓለ ኀምሳ። ዮሐንስ 3:16ን በመጀመሪያው ቀን ብትነግሩት የማይረዳው በዚህ ምክንያት ነው፦ «እግዚአብሔር» ሲባል የትኛው፣ «ልጁ» ሲባል እንዴት፣ «እንዳይጠፋ» ሲባል ከምን፣ ምንም መሠረት የለውም። የይስሐቅንና የፋሲካን በግ የሰማ ሰው ግን መጥምቁ ዮሐንስ «የእግዚአብሔር በግ» ሲል ማብራሪያ አይፈልግም።

የታሪኮቹ ምርጫ እንደ ሕዝቡ ጭንቀት ይለያያል። መናፍስትን የሚፈራ ሕዝብ ከሆነ ማዕበሉንና ሌጌዎንን አትዝለሉ፤ ክብርና ውርደት የሚገዛው ከሆነ የጠፋው ልጅና ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ልቡን ይይዙታል፤ ሥርዓትና ሕግ ጠባቂ ከሆነ ዐሥርቱ ትእዛዛትና ሽባው ሰው («ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ያለው ማን ነው?) ሰፋ ብለው ይነገሩ። ይህን ለማወቅ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ሰው ሲታመም ወደ ማን ይሄዳል? ሲሞት ምን ይደረጋል? ልጅ ሲወለድ ምን ይታሰራል? መልሱን በማስታወሻ ያዙ፤ በኋላ ታሪክ ስትመርጡ የምትመለሱበት እሱን ነው።

የአንድ ቀን አካሄድ እንዲህ ነው። ያለፈውን ታሪክ ከሰሚዎቹ አንዱ ይተርካል። አዲሱን እናንተ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ትተርካላችሁ፣ ሳታነቡ፣ በእጃችሁ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዛችሁ፤ ታሪኩ የእናንተ ፈጠራ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ከሦስት ወይም ከአራት በላይ የሰው ስም አታስገቡ፤ የቀረውን «ወንድሙ»፣ «ንጉሡ» በሉ። ከዚያ ሁለት ሰዎች መልሰው ይተርኩ፣ የቀሩት ያርሙ። ከዚያ ጥያቄ፦ ታሪኩ ስለ እግዚአብሔር ምን ያሳያል? ስለ ሰው ምን ያሳያል? ካመንነው ምን እናደርጋለን? ለማን እንነግረዋለን? መልሱን እናንተ አትስጡ፤ «በታሪኩ የትኛው ቦታ ላይ ሰማኸው?» ብላችሁ ወደ ቃሉ መልሱት። አንድ ሰዓት ይበቃል።

የሚበላሸው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በታሪኩ መካከል ስብከት ማስገባት፤ ያን ጊዜ ሰሚው የቃሉን ከእናንተ ቃል መለየት ያቅተዋል፣ ሲተርከውም ሁለቱን ቀላቅሎ ይተርካል። ሁለተኛው የሚከፋው ነው፤ ስሕተት እየተጠራቀመ መሄድ። ስለዚህ እያንዳንዱ ታሪክ ከመነገሩ በፊት አንዴም ላልሰማው ሰው ተርኩለት፣ እሱ በራሱ አፍ ይመልስ፣ የመለሰውን ከመጽሐፉ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። የተጨመረ፣ የጎደለ፣ የተለወጠ ካለ ታሪኩን አስተካክላችሁ እንደገና ለሌላ ሰው ሞክሩ። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ያልተጣራ ታሪክ አንዴ መንደር ከገባ ማውጣት አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግለሰብን ብቻውን ከቤተሰቡ ነጥላችሁ አትያዙ። ቆርኔሌዎስ፣ ልድያ፣ የፊልጵስዩስ የወኅኒ ጠባቂ ሁሉም ከነቤተሰባቸው ናቸው። የቤቱ አባት ወይም እናት ባሉበት፣ በቤታቸው፣ ወንድ ለወንድ ሴት ለሴት ተነጋገሩ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በድብቅ ወደ እናንተ ቤት እየተመላለሰ ካመነ ቤተሰቡ ልጃችንን ሰረቁብን ይላል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ለሁሉም ይዘጋል።

አንጾኪያ፦

እኔ ከላኪ ቤተ ክርስቲያን በኩል ያለውን ልናገር፤ ሕግ፣ ገንዘብና ጤና።

ሕጉን አስቀድማችሁ አንብቡ፣ በወሬ አትሂዱ። በሞሮኮ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 220 የሙስሊምን እምነት ለማናወጥ ማባበያ መጠቀም ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። አልጄሪያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይላል። በኔፓል ሰውን ከሃይማኖቱ ማስለወጥ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፤ የውጭ ዜጋ ከሆነ ቅጣቱን ሲጨርስ በ7 ቀን ውስጥ ይባረራል። በሩሲያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሚስዮናዊ የሚወክለው የሃይማኖት ማኅበር የሰጠውን ሰነድ መያዝ አለበት። ሕጎቹ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ስብከቱን፣ አንዳንዱ በጥቅም መደለልን፣ አንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ማስተማርን ነው የሚከለክለው። ቪዛችሁ ለሥራ ከሆነ ሥራውን በእውነት ሥሩ፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን ሲሰፋ ድንኳኑ እውነተኛ ነበር። ለይስሙላ የተከፈተ ድርጅት ጎረቤትም መንግሥትም ይነቃበታል፣ ምስክርነታችሁንም በውሸት ያቆሽሸዋል። ሲጠይቋችሁ ክርስቲያን መሆናችሁን ተናገሩ፤ ለሚጠይቅ መልስ መስጠት በ1ኛ ጴጥሮስ 3:15 የታዘዝነው ነው፣ እሱም «በየዋህነትና በፍርሃት»።

ልብ በሉ፣ ችግር ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የውጭው ሰው ይባረራል፣ የአገሩ ሰው ግን ይታሰራል። ስለዚህ በደብዳቤና በማኅበራዊ ሚዲያ የሰው ፊት፣ ትክክለኛ ስም፣ የመንደር ስም አይውጣ። የስልካችሁ ካሜራ ፎቶ ያነሣችሁበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ሊመዘግብ ስለሚችል ከካሜራው ቅንብር ላይ አጥፉት። ጥምቀት አይቀረጽም። ላኪዎች «ፎቶ ላኩልን» ይላሉ፤ አይሆንም በሏቸው፣ ምክንያቱንም ከመሄዳችሁ በፊት በጉባኤ ፊት አስረዱ።

በገንዘብ ጉዳይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የእናንተው በጀት፦ የወር መተዳደሪያ፣ የቋንቋ ረዳት ክፍያ፣ አስቸኳይ የሕክምና ማጓጓዣን የሚጨምር የጤና መድን፣ የመመለሻ ትኬት፣ እንዲሁም ቢያንስ የሦስት ወር መጠባበቂያ። ቃል የተገባው ሳይሆን በየወሩ በእርግጥ የሚገባው ተቆጥሮ ካልሞላ አትነሡ። በመስክ ላይ ሆናችሁ በስልክ ገንዘብ ማሰባሰብ ትዳርንም አገልግሎትንም ያደክማል።

ሁለተኛው ለአካባቢው ሰው የሚሰጠው ነው። በቻይና ያገለገለው አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ጆን ኔቪየስ በ1890 እ.ኤ.አ. ወደ ኮርያ፣ ሴኡል ተጋብዞ ለወጣት ሚስዮናውያን ያስረዳው እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ያመነው ሰው በነበረበት ሙያ ይቆይ፣ በሙያው መካከል ይመስክር፤ ቤተ ክርስቲያኑን ምእመኑ በአቅሙ ይሥራ፤ አገልጋይ የሚቀጠረው ምእመኑ ደመወዙን መክፈል ሲችል ነው። ከውጭ በሚመጣ ደመወዝ ወንጌላዊ ስትቀጥሩ ጎረቤቱ «ለገንዘብ ነው ያመነው» ይለዋል፣ ክፍያው ሲቆም ደግሞ ሥራው አብሮ ይቆማል። የራበውን ግን አብሉ፤ እንዴት እንደሆነ ነው ጥያቄው። ምጽዋትን ከትምህርቱ ሰዓትና ቦታ ለዩ፣ ለሚመጣውም ለማይመጣውም እኩል ይሁን፣ በተቻለ መጠን በአካባቢው ታማኝ ሰዎች እጅ ይለፍ። ብድር አትስጡ፤ የማይመለስ ብድር ወዳጅን ያርቃል። ልትሰጡ ከሆነ ስጡ፣ ቁርጡን ተናገሩ።

ጤናን ባጭሩ፦ መደበኛው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ በ6 ወር ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ ከግማሽ ዓመት በፊት ጀምሩ። የቢጫ ወባ የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ለላኪዎቻችሁ ይህን አሳዩአቸው፦ እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ በ1793 እ.ኤ.አ. ሕንድ ደርሶ የመጀመሪያውን ሕንዳዊ አማኝ ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን በ1813 እ.ኤ.አ. በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ገብቶ የመጀመሪያውን በርማዊ ያጠመቀው በ1819። የሁለት ዓመት ውል ይዞ ፍሬ መጠየቅ ሥራውን አለማወቅ ነው።

መንገደኛ፦

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። የበጀቱን ነገር ሽማግሌዎቻችን ጋር ይዘን እንቀርባለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሰው ገና በሁለተኛው ወር «ልጠመቅ» ቢለንስ?

ዘሪ፦

ደስ ይበላችሁ፣ ግን ቶሎ አትመልሱለት። መጀመሪያ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሥራ፣ ቪዛ ወይም የውጭ ወዳጅ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፣ ከልቡም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የክርስቶስን ሞትና ትንሣኤ በራሱ ቋንቋ ለሌላ ሰው መተረክ ይችላል? ቀድሞ ይታመንበት የነበረውን፣ ክታብም ሆነ ሌላ፣ ትቷል? ለቤተሰቡ ተናግሯል ወይስ ሊናገር እንዴት አስቧል? የመጨረሻው ላይ አብራችሁት ተዘጋጁ፦ አስቀድሞ ለሚያከብረው ታላቅ ሰው ብቻውን ይንገር፣ የቀድሞ ሃይማኖቱን አይስደብ፣ በበዓልና በለቅሶ ከቤቱ አይራቅ፣ ከበፊቱ ይልቅ ያገልግላቸው።

የአገሩ አማኝ ካለ የሚያጠምቀው እሱ ይሁን፣ እናንተ ዳር ቁሙ። ካለፈው ሳምንት ታሪክ አንዱንም ለእናቱ በዚያው ሳምንት ይተርክላት፤ በሚቀጥለው ስትገናኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን እንዳለችው ነው።