ሳርላ ገበያ ከእናቴ ጋር፦ ረቡዕ ወይስ ቅዳሜ? ለጾምስ ምን ይገኛል?

ጥያቄ | ፍራንክፈርት_ነኝ

ሰላም ወገኖች። በሴፕቴምበር የመጨረሻ ሳምንት እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እኔና ባለቤቴ ይዘናት ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ልንወርድ አስበናል፤ ዋናው ጉዳያችን ዶርዶኝ ውስጥ ያለው የሳርላ ከተማ የምግብ ገበያ ነው። መኪና የለንም፣ ከቦርዶ በባቡር ነው የምንሄደው። እናቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ዳክዬና ዝይ ደግሞ በፍስክም አትነካም። ጉልበቷን ያማታል።

ገበያው ረቡዕና ቅዳሜ ነው ይባላል፤ የቱ ይሻለናል? ከቦርዶ በጠዋት ተነስቶ ይደረሳል ወይስ ማደር ግድ ነው? የራሱን ምርት የሚሸጠውን ገበሬ ከቸርቻሪው በምን እንለያለን? ለጾመኛ የሚሆንስ ምን አለ? እናቴ ወደ አገር ቤት ይዛ ልትመለስ የምትችለውንም ጠቁሙኝ። ፈረንሳይኛችን ከቦንዡርና ከሜርሲ አያልፍም።

መልስ | ሀዲድ

ከማደሩ ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። እደሩ። የምግቡ ገበያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ (በእነሱ 8 ተኩል) እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከቦርዶ ሳን ዣን ጣቢያ እስከ ሳርላ በክልሉ ባቡር 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በጠዋቱ ባቡር ብትሄዱ እንኳ የምትደርሱት ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ነው። በዋዜማው ከሰዓት ግቡና እዚያው አሮጌው ከተማ ውስጥ ወይም ጠርዙ ላይ ተከራዩ።

ትኬት ስትቆርጡ የባቡሩን የመጨረሻ ጣቢያ እዩ። በዚያው መስመር ከሚሄዱት ባቡሮች ውስጥ ቤርዥራክ ላይ የሚያበቁ አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ቤርዥራክ ወርዶ ቀጣዩን ባቡር ሲጠብቅ ግማሽ ቀኑ ይሄድበታል። ሀዲድ ሲጠገን ደግሞ በባቡሩ ፋንታ አውቶቡስ ስለሚመድቡ በዋዜማው ኤስኤንሲኤፍ ኮኔክት በሚባለው የፈረንሳይ ባቡር ድርጅት መተግበሪያ አረጋግጡ።

የሳርላ ጣቢያ ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብሎ በስተደቡብ ነው። በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት። ለእናትሽ ታክሲ ቀድማችሁ በስልክ ያዙ፤ ጣቢያው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀናል ብላችሁ አትተማመኑ። በተለይ ለመመለሻው፣ ሸክም ስለሚኖራችሁ።

መልስ | የድንጋይ_መንገድ

ቀኑን በሚመለከት፦ ረቡዕ አነስ ያለ ነው፤ በጠዋቱ የሚሸጠውም ከሞላ ጎደል ምግብ ብቻ ነው። ቅዳሜ ምግቡ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ልብሱና ዕቃው ደግሞ እስከ ማምሻው ይቀጥላል። ሰዉም እጥፍ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት እኔ ረቡዕን ነው የምመርጠው። ጾም ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ የሚገዛ ሁሉ እዚያው መበላት የለበትም።

አሮጌው ከተማ በ1962 በወጣው፣ በባህል ሚኒስትሩ በማልሮ ስም በሚታወቀው የታሪካዊ ሰፈሮች ጥበቃ ሕግ መጀመሪያ ከተጠበቁት አንዱ ስለሆነ ቤቱም መንገዱም እንደ ጥንቱ ነው፤ ለዓይን ደስ ይላል፣ ለእግር ግን አይመችም። ንጣፉ ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፣ ዳር ዳሩ ያሉት ጠባብ መንገዶችም ዳገትና ደረጃ አላቸው። ትንንሽ ጎማ ያለው ሻንጣ አይንከባለልም፤ ትልልቅ ጎማ ያለው የገበያ ዘንቢል ወይም በትከሻ የሚያዝ ቦርሳ ያዙ። ለእማማ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ።

ፕላስ ደ ላ ሊበርቴ ከሚባለው ዋና አደባባይ ጀምሩ፤ እሱ ሜዳ ነው። ከጎኑ ሳንት ማሪ የሚባል የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዛሬ በውስጡ የምግብ ገበያ ነው። 15 ሜትር ከፍታ ያላቸውን የብረት በሮች የነደፈው እዚያው ሳርላ ያደገው አርክቴክት ዣን ኑቬል ነው። ዝናብ ከመጣ መጠለያችሁ እሱ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ገበያ ባልሆነበት ቀንም በጠዋት ስለሚከፈት ረቡዕ የረሳችሁትን ሐሙስ መግዛት ትችላላችሁ። በደወል ማማው ውስጥ የመስታወት አሳንሰር አለ፣ የሚከፈልበት። ከተማውን ከላይ ለማየት እናትሽ ደረጃ መውጣት አያስፈልጋቸውም።

መልስ | ዘንቢል

ስለ ሻጮቹ። መጀመሪያ መደቡ ላይ ያለውን ቁጠሪ። አንድ ገበሬ በሴፕቴምበር መጨረሻ የሚያቀርበው ጥቂት ዓይነት ነው፦ ቲማቲም፣ ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ኗ (ዋልነት ማለታቸው ነው)፣ ምናልባት የመጨረሻው እንጆሪ። ከዚያው መደብ ላይ ሙዝ፣ አናናስ ወይም አቮካዶ ካየሽ ሰውየው ከጅምላ ገበያ አምጥቶ ነው የሚሸጠው። ወንጀል አይደለም፤ ግን ለዚያ ብለሽ ፍራንክፈርትን ለቀሽ መምጣት አያስፈልግም። ሁለተኛው ምልክት መጠን ነው፦ ሁሉም ቲማቲም እኩል ክብ፣ እኩል ቀይ፣ ሳጥኑም የኩባንያ ምልክት የታተመበት ከሆነ ቸርቻሪ ነው። ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ላይ የመጣበትን አገር መጻፍ ግዴታ ስለሆነ ፈልጊው፤ «ፕሮዱክተር» የሚል ካለ አምራች ነኝ ማለቱ ነው። ከተጠራጠርሽ «ሴ ቮትር ፕሮዱክስዮን?» በይው፤ የራስህ ምርት ነው ወይ ማለት ነው። ገበሬው ራሱ ከሆነ ማሳው የት እንዳለ ሳትጠይቂው ይነግርሻል።

አገዛዙ ከእኛ ገበያ ይለያል። ሳይፈቅዱልሽ አትንኪ፤ ጨብጦ፣ አሽትቶ፣ መልሶ ማስቀመጥ እዚያ ነውር ነው። ቦንዡር ሳይባል ዋጋ መጠየቅም እንደዚያው፣ ፊት ይነሱሻል። ሜሎን ወይም አይብ ስትገዢ መቼ እንደምትበዪው ንገሪያቸው፦ «ፑር ስ ሷር» ለዛሬ ማታ፣ «ፑር ድማ» ለነገ። ሻጩ ሜሎኑን እያነሳ እያሸተተ፣ የእንብርቱን ዙሪያ በአውራ ጣቱ ጫን እያለ ለዚያ ቀን የሚደርሰውን ይመርጥልሻል። ይሄን ካልነገርሽው ጥሬውን ይዘሽ ልትሄጂ ትችያለሽ፣ ከዚያ ገበያው መጥፎ ነው ትያለሽ።

«ዩን ሊቭር» ማለት ግማሽ ኪሎ ነው፣ ብዙ ትሰሚዋለሽ። ዋጋው በኪሎ ነው፣ በፍሬ ነው ወይስ በእስር ነው የሚለውን ጽሑፉ ላይ እዪ፤ ለአንድ ፍሬ የተጻፈውን የኪሎ መስሎሽ ሂሳቡ ሲመጣ እንዳትደነግጪ። ክርክር የለም፤ ምግብ ላይ ዋጋ አስቀንሱ ብትዪ አይገባቸውም። ምርቃት ግን አለ፦ አትክልት በዛ አድርገሽ ከገዛሽ አንድ እስር ፓርስሊ ጣል ሊያደርጉልሽ ይችላሉ። 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ደግሞ የበሰለውን እንጆሪ ሁለት ሳጥን በአንድ ዋጋ የሚሸጡ አሉ። ባለ 5 እና ባለ 10 ዩሮ ኖት ያዙ፤ ካርድ የሚቀበሉም ቢሆኑ ለትንሽ ሂሳብ እምቢ ሊሉ ይችላሉ።

መልስ | ጾመኛ_ተጓዥ

እህቴ፣ ለጾም ያለው ከምትገምቺው በላይ ነው፣ ወጥመዱም እንዲሁ። ወጥመዱን ላስቀድም።

«ፖም ሳርላዴዝ» የሚባለው፣ ገበያው ላይ በትልልቅ መጥበሻ የሚጠበሰው ነጭ ሽንኩርትና ፓርስሊ ያለበት ድንች፣ ሲያዩት ጾም ይመስላል። የሚጠበሰው በዳክዬ ወይም በዝይ ስብ ነው። እናትሽ ደግሞ ዳክዬ ስለማይበሉ ቅዳሜም አይሆናቸውም። «ቱራን» የሚባለው የነጭ ሽንኩርት ሾርባም ስብና እንቁላል አለበት። የኗ ኬክ፦ ቅቤና እንቁላል። «ታፐናድ» የሚባለው የወይራ ድቁስ ብዙ ጊዜ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይገባበታል፤ ዓሣ በጾም ለሚበሉ ችግር የለውም፣ ለማይበሉ ጠይቂ። ጥያቄው አንድ ነው፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢው፦ «ሳን ቪያንድ፣ ሳን ግሬስ ደ ካናር፣ ሳን ኧፍ፣ ሳን በር፣ ሳን ሌ»፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዳክዬ ስብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት።

የሚበላው፦ «ባጌት ደ ትራዲስዮን» በ1993 በወጣው ድንጋጌ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የሚጋገር ነው፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። ባጌት ብቻ ሳትዪ «ትራዲስዮን» በዪ። «ብሪዮሽ» እና «ቪየኗ» የሚባሉትን ወተትና ቅቤ የሚገባባቸውን ዳቦዎች ተዪ። ለሦስት ሰው ምሳ ሁለት ትራዲስዮን፣ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ 200 ግራም ወይራ፣ ግማሽ ኪሎ ከሞዋሳክ የሚመጣው ቢጫ የሻስላ ወይን፣ አንድ ጭብጥ ኗ ይበቃችኋል፣ ይተርፋልም። ቲማቲሙ ላይ ትንሽ የኗ ዘይትና ጨው አድርጉበት።

እንጉዳይ የሚወዱ ከሆነ ሴፕ የሚባለው የጫካ እንጉዳይ ወቅቱ ነው፣ ዝናብ ከዘነበ። ትልቁን አትምረጡ፤ ትንሽና ጠጣር፣ ቆቡ ሥር ያለው ስፖንጅ ነጭ ወይም ክሬም የሆነውን ያዙ። አረንጓዴ ሆኖ ከላላ አርጅቷል። የእግሩን ጫፍ ቆርጦ እንዲያሳይሽ ጠይቂ፤ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ካለ ትል ገብቶበታል። በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ሴፕ ለጾም እራት ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

መልስ | ዘይት_ጨማቂ

ስለ ኗ ዝርዝሩ ይጠቅማል፤ ሰው የሚሳሳትበት እሱ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። «ኗ ፍሬሽ» ከዛፍ የወረደ፣ ቢያንስ 20 በመቶ ውሃ ያለው ነው። ቅርፊቱን ሰብራችሁ የፍሬውን ስስ ቆዳ በጥፍር ላጡት፤ መራራው ያ ቆዳ ነው፣ ውስጡ ነጭና ጣፋጭ ነው። ይሄን አዲስ አበባ አትላኩ፦ በፕላስቲክ ከታሰረ በጥቂት ቀን ይሻግታል። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪጅ አስቀምጡና በሳምንት ውስጥ ጨርሱት። «ኗ ሴሽ» ደረቁ ነው፤ የዘንድሮው ደረቅ የሚወጣው ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ስለሆነ በሴፕቴምበር የሚሸጠው ደረቅ የአምናው ነው። አንድ አስቀምሱን በሉ፤ ጉሮሮ ላይ የሚከረክር ጣዕም ካለው ዘይቱ ተበላሽቷል።

ለአገር ቤት የሚሆነው አየር ወጥቶለት የታሸገ «ሰርኖ»፣ ማለትም የተፈለፈለው ነው። የፔሪጎር (የዶርዶኝ የድሮ ስም ነው) ኗ አኦፔ የሚል፣ የምርቱን አገር የሚያረጋግጥ ማኅተም ካለው ኮርን፣ ፍራንኬት፣ ግራንዣን ወይም ማርቦ ከሚባሉት አራት ዝርያዎች ነው።

ዘይቱን ስትገዙ ጠርሙሱን አዙሩና መቶ በመቶ ኗ መሆኑን አንብቡ፤ ከሱፍ ዘይት ጋር የተቀላቀለ አለ። ለአንድ ሊትር ወደ 2 ኪሎ የተፈለፈለ ኗ ስለሚፈልግ በጣም ርካሹን ተጠራጠሩ። ከብርጭቆ ይልቅ የቆርቆሮ ዕቃ ውሰዱ፤ ብርሃን አያስገባም፣ ሻንጣ ውስጥም አይሰበርም። ሩብ ሊትር ይበቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖም ሦስት ወር ገደማ ነው የሚቆየው። ለእናትሽ ንገሪያቸው፦ አይጠበስበትም። ሙቀት መራራ ያደርገዋል፤ ሽሮው ከወረደ በኋላ ጠብ ማድረግ ግን ይቻላል።

ፍራንክፈርት_ነኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቡዕን ወስነናል፣ ማክሰኞ ገብተን እናድራለን። አንድ የቀረኝ፦ ባለቤቴ ፎዋ ግራ (የደለበ ዳክዬ ወይም ዝይ ጉበት) እና ጥቁር ትራፍል (ከመሬት ሥር የሚወጣውን ውድ እንጉዳይ) ካልገዛሁ ብሏል። እንዳይታለል ምን ይይ?

መልስ | ዘንቢል

ጥቁሩ የፔሪጎር ትራፍል የክረምት ነው፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች። በሴፕቴምበር ትኩስ ጥቁር ትራፍል ብሎ የሚሸጥለት ሰው ካለ ሌላ ዝርያ ነው፣ መዓዛውም ዋጋውም ሊያንስ ይገባል። የትራፍል ዘይት ደግሞ አብዛኛው በፋብሪካ የተሠራ ሽታ ነው፤ ጽሑፉ ላይ «አሮም» የሚል ካለ ገንዘቡን ይቆጥብ።

ፎዋ ግራው ላይ ሁለት ነገር ያንብብ። «አንቲየ» ማለት ሙሉው ጉበት፣ «ብሎክ» ማለት ተፈጭቶ መልሶ ቅርጽ የተሰጠው። «ሚ ኪዩ» ግማሽ የበሰለ ስለሆነ ከፍሪጅ መውጣት የለበትም፤ ፍራንክፈርት ድረስ በባቡር ከሆነ ከበረዶ ጋር በማቀዝቀዣ ቦርሳ፣ አለበለዚያ «ኮንሰርቭ» የሚለውን ቆርቆሮ ይግዛ። አውሮፕላን ከሆነ ሁሉም በሚጫነው ሻንጣ፤ ዘይቱም፣ ጃሙም፣ ፎዋ ግራውም በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል።

መልስ | ጾመኛ_ተጓዥ

ፍየል አይብ ለሐሙስ ቁርስ ረቡዕ ግዙ፤ ሮካማዱር አኦፔ የሚባለው 35 ግራም ብቻ የሚመዝን ጠፍጣፋ ክብ ነው፣ ለሦስት ሰው ስድስት ይበቃል። ባልተፈላ ወተት የሚሠራ ስለሆነ እናትሽ ሆዳቸው ስስ ከሆነ ይቅርባቸው። ለአገር ቤት አይብ ከማሸግ ይልቅ «ፕሩኖ ዳዣን» የሚባለውን ደረቅ ፕለም አንድ ኪሎ ያዙ፤ ጾም ነው፣ አይፈስም፣ አይሰበርም። ማር ግን አትግዙ፤ አዲስ አበባ ማር ይዞ መሄድ ትርፉ ኪሎ መጨመር ነው።