ልጆቻችን ለትልቅ ሰው «እምቢ» እንዲሉ እናስተምራቸው ወይስ ይቅር?

የማራኪዋ እናት፦ ወላጆች ሰላም ዋላችሁ፣ አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። የ8 ዓመት ልጅ አለኝ። እገታው ጎንደር ውስጥ እንዲህ ካስጨነቀን ወዲህ ከልጄ ጋር አንድ የምስጢር ቃል ተስማምተናል፣ ማንም መጥቶ «እናትህ ልካኝ ነው» ቢለው ቃሉን ይጠይቃል፣ ካላወቀው አጎትም ይሁን አክስት አይከተልም። ባለፈው ወንድሜ ከአዘዞ መጥቶ እኔን ላግዝ ብሎ ሳይነግረኝ ትምህርት ቤት በር ላይ በባጃጅ ሊወስደው ሄደ፣ ልጁ «ቃሉን ንገረኝ» አለው፣ ወንድሜ «የምን ቃል ነው፣ ና ግባ!» ሲለው ተመልሶ ዘበኛው አጠገብ ቆመ። ወንድሜ ይኸው እስከዛሬ አኩርፎኛል፣ እናቴ ደግሞ «ልጁን ባለጌ አደረግሽው» አለችኝ። እኔ ግን ኮራሁበት፣ ማታ አቅፌው ነው ያደርኩት። ተሳስቻለሁ?

የአራዳው ጋሼ፦ እኔ 60 አልፌያለሁ ልጄ፣ ያደግኩት ማንም ጎረቤት «ና ተላከኝ» ሲለኝ እየሮጥኩ ነው። ሳጠፋም ጎረቤት ይቆጣኝ ነበር፣ እናቴም «እሰይ፣ ደግ አደረግህ» ትለው ነበር። ልጅ የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ስለነበር አንዱ ጠፋ ከተባለ ሰው ሁሉ ፋኖስ ይዞ ይወጣል፣ የጠበቀን እሱ ነው። ዛሬ ሥጋ ዘመዱን እንዲጠረጥር ካስተማርነው ነገ ሲጨንቀው ማን ጋ ሊሮጥ ነው? እገታው አንድ ቀን ያልፋል፣ የልጅ ጸባይ ግን አንዴ ከተበላሸ ማን ይመልሰዋል።

መምህርቷ፦ ጋሼ ያሉት ገብቶኛል፣ እኔም እንደዛው ነው ያደግኩት። ግን እውነቱን እናውራ፣ ልጅ ላይ ጥቃት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ቤት የሚገባ የሚወጣ። ልጁም ዝም የሚለው «ትልቅ ሰው ነው፣ እምቢ አይባልም» ብለን ስላሳደግነው ነው። እምቢ ማለት ደግሞ የግድ ብልግና አይደለም እኮ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ እማዬን ልጠይቅና» ብሎ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ መራቅ ይቻላል፣ ክፍል ውስጥ እየተነሱ አለማምጃቸዋለሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን በሚመለከት ጉዳይ የልጁ ደህንነት ይቅደም ነው የሚለው፣ የአጎት ቅሬታ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባጃጅ ነጂው፦ እኔ በኮንትራት 5 ልጅ አመላልሳለሁ፣ የሁለቱ ወላጆች ቃል ሰጥተውኛል፣ ልጆቹ በየቀኑ ቢጠይቁኝ አይከፋኝም። ግን አንድ ነገር፦ አንዷ ቃሏን ባጃጁ ውስጥ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው፣ ለእናቷ ደውዬ ወዲያው ቀየሩት። በየጊዜው ቀይሩት፣ የልጁን ቅጽል ስም ወይ የውሻውን ስም አታድርጉት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

የማራኪዋ እናት፦ ጋሼ የርስዎ ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ምክንያቱም ነሐሴ 2015 ከተማው ውስጥ ተኩስ የሆነ ጊዜ ይሄው ልጄ ገና 6 ዓመቱ ነበር፣ ዳቦ ልኬው ነው ተኩሱ የጀመረው፣ ስልክ ብሞክር ኔትወርክ የለም፣ ልወጣ ብል በር ላይ ያዙኝ፣ እንደ እብድ ነው የሆንኩት። እሱ ለካ ታች ያሉት እትዬ ግቢ ሮጦ ገብቷል፣ እሳቸውም ከመስኮት አርቀው መሬት ላይ አስተኝተው፣ እላዩ ላይ ጋቢ ጥለው፣ ቆሎ እያበሉ እስኪረጋጋ አቆዩልኝ። እሳቸውን ባያምን ኖሮ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ ሰው አትመን አላልኩትም፣ ለይተህ እመን ነው ያልኩት። በመንገዱ ላይ ሶስት ቤት አሳይቼዋለሁ፣ የእትዬን፣ የባለሱቁንና የልብስ ሰፊዋን፣ ሶስቱንም አስፈቅጃለሁ፣ አንድ ነገር ከሆነ ቤት ድረስ አትምጣ፣ ቅርብ ያለው ጋ ግባ ብዬዋለሁ። ቁጥሬንም የአባቱንም በቃሉ ይዟል፣ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ምንም እንደማያደርግ ያን ቀን አይቼዋለሁ።

የአራዳው ጋሼ፦ እንዲህ ካልሽማ ልጁ ላይ አልፈርድም፣ የሚሮጥበትን ሰው አሳይተሽዋል። አንቺ ላይ ግን ቅሬታዬ አለ። ወንድምሽ ትምህርት ቤት በር ላይ ሰው እያየው ነው ያፈረው፣ እንዲህ ያለ ደንብ ቤታችሁ እንዳለ ቀድመሽ ለዘመዶችሽ መናገር ነበረብሽ። ቃሉን ሳይሆን ደንቡን።

የማራኪዋ እናት፦ እሱ ላይ ልክ ነዎት ጋሼ። እሁድ አዘዞ እሄዳለሁ፣ ልጁንም ይዤው ነው የምሄደው።

የቀበሌ 18ቷ፦ የኔዋ ገና 4 ዓመቷ ነው፣ የምስጢር ቃል ቢሏት አይገባትም፣ እሷንስ ምን ላድርግ?

መምህርቷ፦ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ አስጠኚያት፣ ከዚያ ያንቺን ስም፣ «እማዬ» የሚለውን አይደለም፣ ሰው የሚጠራሽን። አንድ ጥምቀት ፋሲል መዋኛው ጋ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምታለቅስ ህጻን አገኘሁ፣ እናትሽ ማን ትባላለች ስላት «እማዬ»፣ አባትሽስ ስላት «አባዬ»፣ ቤታችሁ የት ነው ስላት «እዛ»። ቀሚሷን ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ። በመጨረሻ የት ነው የምትሳለሙት ስላት «ቁስቋም» አለችኝ፣ በዚያ ነው የሰፈሯን ሰዎች ፈልጌ ያስረከብኳት። ስምሽን ዛሬ ማታ ስታስተኛት ጀምሪላት።