ለፑልያ ገጠር የትኛውን ፊልም ልያዝ?

ጠያቂ፦ የሰሜን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። በሐምሌ እናቴን ይዤ ደቡብ ጣልያን፣ ፑልያ ገጠር አሥር ቀን ልንከርም ነው። ካሜራዬ ፔንታክስ ኬ1000፣ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ነው። እዚህ ደመና ስለሚበዛ እስካሁን ያነሳሁት በ400 ፊልም ብቻ ነው (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል)። እዚያ ግን ቀይ አፈር፣ ወይራ፣ ኖራ የተቀባ ቤትና የቀትር ፀሐይ ነው። ከሁሉም በላይ የምፈልገው የእማዬን ፊት ነው። ጠይም ናት፤ ነጠላዋን ሳትለብስ ደግሞ ፎቶ አትነሳም። ስምንት ሮል ልገዛ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ወይራ ሥር

እህቴ፣ ፑልያ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የያዝኩት ስላይድ ብቻ ነበር፣ ሲታጠብ ራሱ ትክክለኛውን ቀለም የሚያሳየው ፊልም፣ ቬልቪያ 50። ቀለሙ ልብ ይሰርቃል። ግን ኃይለኛ ብርሃንና ጥላ አንድ ላይ ሲመጡበት አይችልም። አልቤሮቤሎ ውስጥ ትሩሎ የሚሉት፣ ሾጣጣ የድንጋይ ጣሪያ ያለው ቤት በር ላይ ባለቤቴን አነሳኋት። ግድግዳው ባዶ ወረቀት ሆነ። እሷ ጥላው ውስጥ ጠፋች፤ የሚታየው የጆሮ ጌጧ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ኔጋቲቭ ያዢ፣ ሲታጠብ ቀለሙ ተገልብጦ የሚወጣውን። እኔ የምመርጠው ኮዳክ ፖርትራ 160 ነው። የሰው ቆዳ ላይ ረጋ ያለ ነው። ኤክታር 100 ለቀዩ አፈር ግሩም ነው፤ ፊት ላይ ግን ቀይ ያበዛል፣ ብርሃን ሲያንሰው ደግሞ ጥላው ሰማያዊ ይሆናል።

400ውን ለቀትር ተዪው። የካሜራሽ መዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ላይ ያበቃል። በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 11 ላይ ትታሰሪያለሽ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጀርባውም ይደበዝዛል)፤ ከእናትሽ ጀርባ ያለውን ዛፍ ማደብዘዝ አትችይም። በ160 ግን እስከ ኤፍ 5.6 ትከፍቻለሽ።

ዋናው ግን አለካኩ ነው። መመልከቻው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ መርፌ ነጭ ግድግዳና ነጭ ነጠላ ሲያይ ይታለላል። በሱ ከሄድሽ ፊታቸው ይጨልማል። ፊታቸው መመልከቻውን እስኪሞላ ቀርበሽ ለኪ። ከዚያ ምንም ሳትነኪ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አንሺ። ጠይም ፊት ላይ ሲለካ ብርሃን ትንሽ ይበዛል፤ ኔጋቲቭ ደግሞ ይሄንን ይወደዋል።

መንገደኛው

ፊልሙን በምታስረክቢው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፤ የዚያ መፈተሻ ጨረር ያበላሸዋል። በእጅ ሻንጣም ቢሆን አዲሶቹ ሲቲ መፈተሻዎች ይጎዱታል። ሮሎቹን በሚያሳይ ፌስታል አድርገሽ በእጅ እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዪው።

ጥቁርና ነጭ

ሁለት ሮል ኢልፎርድ ኤፍፒ4 የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ጨምሪ፣ ከብርቱካናማ ፊልተር ጋር። ሰማዩን ያጠቁርልሻል፣ ነጩ ቤት ከውስጡ ይወጣል። የወይራ ቅጠል ጀርባው ብርማ ነው፤ ንፋስ ሲገለብጠው ጠብቂ። ወደ ፑልያ ደቡብ ጫፍ፣ ሳሌንቶ ከወረዳችሁ ክሲሌላ የሚባለው ባክቴሪያ ያደረቃቸውን ዛፎች ታያላችሁ። በሽታው እዚያ የታወቀው በ2013 ነው። አመድ የመሰለ የተጠማዘዘ ግንድ ብቻ ቆሟል። ለእነሱ ቀለም አያስፈልግም።

የሰሜን ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት ፖርትራ 160፣ ሁለት ኤፍፒ4 አዘዝኩ። ትናንት እማዬን መስኮቱ ጋ አስቀምጬ ከፊቷ ላይ መለካት ስለማመድ ዋልኩ። መርፌው እውነትም ነጠላው ላይ ሌላ፣ ፊቷ ላይ ሌላ ነው የሚያሳየው። አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላ ነው የምትይዘው። ከቀዩ አፈር ጋር ያምራል ብላ ራሷ ነች የመረጠችው።