ቤት ከመሸጡ በፊት ኮተት ማውጣት፦ ገንዘቡ የት ላይ ቢወጣ ይሻላል? (ጥቆማ)

ቤት ልትሸጡ ነው? የፕላስቲክ ሳጥን ልትገዙ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። እናቴ ወደ እኔ ልትገባ ወስና ቤቷን ስናዘጋጅ እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነው። 14 ባለ ክዳን ሳጥን ገዛሁ። ግሳንግሱን ሁሉ አጭቄ በየቁም ሳጥኑ ደረደርኩት። ሳሎኑ ባዶ ስለሆነ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። የመጀመሪያዋ ገዢ መጣች፣ ሳሎኑን ገልመጥ አድርጋ ቀጥታ መኝታ ቤት ገባችና ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች ሳጥን ነው። «ዕቃ ማስቀመጫው ትንሽ ነው አይደል?» አለችኝ። ቁም ሳጥኑ እኮ ሰፊ ነው! ግን ታጭቆ ያየ ሰው ስፋቱን በምን ይወቅ።

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ማስቀመጫ መጨረሻ ላይ ይገዛል። መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ የተረፈው ይታያል፣ ከዚያ ካስፈለገ ይገዛል። እኛ ጋ 14 ሳጥን ሳይሆን 4 በቂ ነበር። ከየቁም ሳጥኑ ቢያንስ ሲሶው ባዶ ይሁን። ገዢ ይከፍታል፣ አትጠራጠሩ። ወጥ ቤት ከሲንኩ ሥር ያለውንም ይከፍታል።

አሁን ገንዘብ ወደሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ልምጣ።

ዘመድ ወይስ ተከፋይ አደራጅ? ለመሸከም፣ ለማጠብ፣ ለመጥረግ ዘመድና ጓደኛ ይበቃል። ለመወሰን ግን ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር አይሆንም። እኔና እህቴ አንድ መሳቢያ ላይ ብቻ 2 ሰዓት ፈጀን፤ እያንዳንዱ ዕቃ ታሪክ አለው፣ አንዷ ስታወጣ አንዷ ትመልሳለች። በሦስተኛው ቀን በሰዓት የምትሠራ ዕቃ አደራጅ አመጣን። ልጅቷ እኛን ትታ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። የምታነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «እማማ፣ ይሄ አብሮዎት ይሄዳል?» ይወዱታል ወይ፣ ይጠቅማል ወይ የለም። በዚያ መሳቢያ ውስጥ 20 ምናምን ቁልፎች ነበሩ። አንደኛው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። እኔና እህቴ ልንነካው አልደፈርንም። እናቴ አነሳችውና አገላብጣ አየችው። «የሣጥን ቁልፍ ነው፤ ሣጥኑ ከተጣለ ስንት ዘመኑ» ብላ ራሷ የሚጣለው ውስጥ ጨመረችው። ለዚያች ልጅ የከፈልነው ገንዘብ አንዲቷም አላንገበገበችኝም። (ቁልፎቹን ሳትጥሉ ግን በየበሩ ሞክሯቸው፣ የሚሠሩት ላይ ምልክት አድርጉ። ለገዢው የምታስረክቡት እነሱን ነው።)

ስትቀጥሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክፍያው በሰዓት ነው በክፍል? የሚወጣውን ዕቃ ማን ይጭነዋል? ወረቀትና ጌጣጌጥ ላይ ማን እጁን ያሳርፋል? ለመጨረሻው መልሱ «እናንተ ብቻ» መሆን አለበት። የቤቱን ሰነድ፣ መታወቂያና ፓስፖርት ሥራው ሳይጀመር በአንድ ቦርሳ አድርጋችሁ ከቤት አውጡ። ጫኝና አውራጅ መጥቶ ካርቶን ሲደበላለቅ የሚጠፋው ሁልጊዜ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው።

ቤትን ለሽያጭ የሚያስጌጡ ባለሙያዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ሙያው በአሜሪካ ባርብ ሹዋርዝ የምትባል የቤት ሽያጭ ወኪል እ.ኤ.አ. በ1972 እንደጀመረችው ይነገራል። ሶፋና አልጋ አከራይተው ያዘጋጁላችኋል። ቤቱ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ባዶ ክፍል ውስጥ አልጋ ይግባ አይግባ በዓይን መገመት ከባድ ነው። እየኖራችሁበት ከሆነ ግን ለአንድ ጊዜ ምክር ብቻ ክፈሏቸው። መጥተው ምን እንደሚወጣና ምን ወደየት እንደሚዞር ይንገሯችሁ፣ የቀረውን ራሳችሁ አድርጉት።

የሚወጣውን ዕቃ በተመለከተ፣ በኦንላይን እየዘረዘሩ መሸጥ የተሻለ ዋጋ ያመጣል፤ ጊዜ ግን ይበላል። «አለ?» ብሎ ጠይቆ የሚጠፋው ሰው ብዛቱ! አሮጌ ዕቃ በጅምላ የሚገዙት በተቃራኒው ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ጭነው ስለሚሄዱ ቤቱ በአንድ ቀን ይለቀቃል። እኔ የምለው፣ እንደ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያሉትን ትልልቅ ዕቃዎች ለይታችሁ ራሳችሁ ሽጡ። የቀረውን በጅምላ ስጡ ወይም ለሚፈልግ በነጻ ስጡ። የቤቱ ፎቶ የሚነሳበትን ቀን ቁረጡና እስከዚያ ያልተሸጠ ሁሉ ይሂድ። አሮጌ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን ሳታጠፉ እንዳትሰጡ። ባትሪያቸውንም ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት፣ የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል።

ማከማቻ መከራየትን ብዙም አልመክርም። የወር ኪራዩን በ6 አባዙትና ከዕቃው ዋጋ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ኪራዩ ይበልጣል። ዘመድ ጋ ትርፍ ክፍል ካለ እሱ ይሻላል። የራሳችሁ ጋራዥ ውስጥ መከመር ግን ዋጋ የለውም፣ ገዢ ጋራዥም ያያል።

ካርቶንና ፕላስቲክ? ለአጭር ጊዜና ለማጓጓዝ ካርቶን፣ ከወራት በላይ ለሚቀመጥ ፕላስቲክ። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን ብቻ፣ ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ታቹም በስኮች ድርብ ይታሰር። ምግብ የነበረበትን ካርቶን አትውሰዱ፣ በረሮ ከነእንቁላሉ ይዞ ይመጣል። ፕላስቲኩ ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ልብሱ ትንሽ እርጥበት ካለው ክዳኑ አፍኖት ይሻግታል። አየሩ የሚመጠጥለት ከረጢት ለሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ግሩም ነው፤ የሱፍና የላባ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲጨመቅ ድሮ የነበረውን ንፋት ያጣል።

ዕቃው ከወጣ በኋላ ደግሞ ግድግዳው ያሳጣችኋል። እናቴ ሳሎን ውስጥ ለዓመታት የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ ነበር። ስናወርደው ቦታው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። ፍሬሙ ከብርሃንና ከአቧራ ስለጋረደው ያ ቦታ ብቻ የድሮ ቀለሙን ይዟል። የምስማሩን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍነን ድሮ ከተቀባው የተረፈውን ያንኑ ቀለም ቀባንበት፣ ባሰ! በብርሃን የቆየ ቀለም ላይ አዲሱ ፈጽሞ አይመሳሰልም። መፍትሔው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ መቀባት ነው። አንድ ቀለም ቀቢ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ጨረሰው። ስለዚህ ፍሬም ከመጨረሻው ሳምንት ቀድማችሁ አውርዱ፣ የሚያስቀባ ካለ ጊዜ ይኑራችሁ። እድፍ የሚፋቅበት ነጩ የሜላሚን ስፖንጅ ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ስስ ብርጭቆ ወረቀት ስለሆነ የማያብረቀርቅ ቀለም ላይ ከበረታችሁ ቦታውን ያብለጨልጨዋል። በር ጀርባ ሞክሩት።

ጽዳቱን የጽዳት ድርጅት ቢሠራው ደስ ይለኛል፣ በተለይ መስኮትና ሴራሚክ። ራሳችሁ ከሠራችሁ በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር እንዳታቀላቅሉ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ አይሆንም። ኮምጣጤ እብነበረድ ላይ ከፈሰሰ ወዙን ይበላዋል፣ በጨርቅ ቢወለወልም አይመለስም። ሻጋታ ካለ ደግሞ በረኪና ቀለሙን ነው የሚያነጣው፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይገኝ ይመለሳል። ሽታን በተመለከተ በሚረጭ ሽቶ ገንዘብ አታባክኑ። የኖረበት ሰው አፍንጫ የቤቱን ሽታ ይለምደዋል፣ ስለዚህ ውጭ ያለ ሰው ጠርታችሁ እውነቱን ይንገራችሁ።

አምፖል ላይ ግን አትሰስቱ። ከሁሉም ርካሹና ልዩነቱ ቶሎ የሚታየው ይሄ ነው። እኛ ሳሎን ውስጥ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ የሚመስል ነጭ ነበር። ካርቶኑ ላይ ኬልቪን የሚለውን ቁጥር እዩ፦ 2700 ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ 4000 ነጭ፣ 6500 ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በአንድ ክፍል ሁሉም አንድ ቁጥር ይሁኑ። ፎቶውን በስልክ ካነሳችሁ በቀን፣ መጋረጃ ከፍታችሁ፣ ከክፍሉ ጥግ፣ ስልኩን በደረት ቁመት ይዛችሁ አንሱ። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ተዉት፣ ክፍሉን ከልክ በላይ ስለሚለጥጠው ገዢው መጥቶ ሲያይ ቅር ይለዋል።

እየኖሩበት የሚሸጡ ደግሞ አንድ ባለ እጀታ ቅርጫት በር አጠገብ ያስቀምጡ። ደላላው «መጣን» ብሎ ሲደውል ቻርጀሩ፣ የልጅ ጫማው፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው መድኃኒት ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። ቅርጫቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አትደብቁት። ይዛችሁት ውጡ።