ግሪክኛ የሚማር ሰው «ማቶሜና ሆማታ»ን ያንብብ ወይስ ይቅርበት?

የኪፕሴሊው፦
አንድ ልጅ «ግሪክኛ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ወጥቼ ምን ላንብብ?» ብሎ ጠየቀ። የግሪካዊቷን ደራሲ የዲዶ ሶቲሪዩን «ማቶሜና ሆማታ» («በደም የራሰ አፈር» ማለት ነው) አልኩት። ሰው ሁሉ ተንጫጫብኝ። ጥሩ፣ እንከራከር።

ላላነበባችሁ፦ በ1962 የወጣ ልብ ወለድ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ተራኪው ማኖሊስ አክሲዮቲስ ይባላል። ኤፌሶን አጠገብ፣ ዛሬ ሺሪንጄ በምትባለው መንደር ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የኦቶማን መንግሥት እሱን የመሰሉ ክርስቲያን ወጣቶችን መሣሪያ ሳይሰጥ የጉልበት ሥራ ሻለቃ ውስጥ ይከታቸዋል፣ ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ ያልቃሉ። በ1919 የግሪክ ጦር ሰምርኔስ፣ ማለትም የዛሬዋ ኢዝሚር ይገባል። በ1922 ይሸነፋል፣ ከተማዋም ትነዳለች።

ለምን ለተማሪ? የሚያወራው ገበሬ ነዋ! እንደ ጋዜጣ አይጠማዘዝም። «እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ እንዲህ አደረግን» እያለ ይሄዳል። ግሪክኛ ተማሪ ደግሞ የሚሰቃየው በኃላፊ ጊዜ ነው። «ኤግራፋ» (እጽፍ ነበር) እና «ኤግራፕሳ» (ጻፍኩ) የቱን መቼ እንደምትል ሰንጠረዥ ሸምድደህ አይገባህም። እዚህ ግን መንደሩ ውስጥ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው በአንዱ፣ አንድ ቀን ድንገት የደረሰው በሌላው ሲነገር እየሰማህ ሳታውቀው ጆሮህ ይለምደዋል።

ባለ ፈተናው፦
ወንድሜ፣ አንተ ጊዜ አለህ። እኔ ለግሪክ ዜግነት ፈተና ነው የማጠናው። ከ2021 ወዲህ በጽሑፍ ሆኗል፣ የቋንቋው ደረጃ ቢ1፣ ማለትም መካከለኛ ነው፣ የጥያቄው ባንክም ኢንተርኔት ላይ አለ። ከሥራ ገብቼ እግሬን ሳላሳርፍ ስለ በለስ ለቀማና ስለ ኦቶማን ጦር ላንብብ? የኪራይ ውል ማንበብ ያቃተው ሰው ይሄን ምን ይሠራበታል? መጽሐፉ ደግሞ በቱርክኛ ቃል የታጨቀ ነው። በናትህ ተወን።

የያያ ልጅ፦
ስለ ኪራይ ውሉ ልክ ነህ። ስለ ቱርክኛው ግን አልስማማም። ኪስህን «ጼፒ»፣ ቁም ሳጥንህን «ዱላፒ» ትል የለ? ሁለቱም ከቱርክኛ የመጡ ናቸው፣ እየተናገርክበት ነው።

የምንከባከባቸው ያያ (በግሪክኛ አያት ማለት ነው) ያደጉት ኒያ ኢዮኒያ ነው፣ ወላጆቻቸው ከትንሿ እስያ፣ ከዛሬዋ ቱርክ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ኒያ ኢዮኒያም ኒያ ዝሚርኒም በዚያ ስደት የተቆረቆሩ ሰፈሮች ናቸው፣ ስማቸው ራሱ ይናገራል፦ «አዲሷ ኢዮኒያ»፣ «አዲሷ ሰምርኔስ»። ማታ ማታ እራት ከበሉ በኋላ ሁለት ገጽ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ከቃሉ ውስጥ ድምፄን የምረግጥበት ክፍል ከተሳሳተ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፣ እደግመዋለሁ። አንዳንዴ ደራሲዋንም ያርማሉ፤ እናታቸው ካወሩላቸው ጋር ካልገጠመ «እንዲህ አይደለም!» ብለው ይቆጣሉ፣ ደራሲዋ በ1909 እዚያው አይዲን ነው የተወለዱት ብላቸውም አይሰሙኝም። ከኮርሱ ይልቅ ከዚህ ጭቅጭቅ ብዙ ተምሬያለሁ።

ዝም ብዬ አላፊ፦
እኔ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ቋንቋ ልማር ብዬ የሰው ጥላቻ ልማር? የጦርነት መጽሐፍ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ነው። ቱርክ የሥራ ባልደረባ አለኝ።

የኪፕሴሊው፦
ሳታነብ ነው የፈረድክ። ማኖሊስ ሼቭኬት የሚባል የቱርክ ጓደኛ አለው። ራሱም የግሪክ ወታደር ሆኖ ዘምቶ የራሱ ወገን የሚሠራውን ያያል። ጥፋቱን ለተራው ቱርክ ሰጥቶ እጁን የሚታጠብ መጽሐፍ አይደለም። የብሔር ኩራት የምትፈልግ ከሆነ የፔኔሎፒ ዴልታን የ1937ቱን «ታ ሚስቲካ ቱ ቫልቱ» አንብብ፤ ቋንቋው ጥሩ ነው፣ ግሪኮቹ የሚዋጓቸው ቡልጋሮች ግን አሳራቸውን ያያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1923 በግሪክና በቱርክ መካከል የሕዝብ ልውውጥ ሲደረግ ሰው የተለየው በሃይማኖት እንጂ በቋንቋ አልነበረም። ግሪክኛ የሚናገሩ የቀርጤስ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ ተላኩ። ካራማንሊ የሚባሉት ኦርቶዶክሶች ደግሞ ቱርክኛ ብቻ እያወሩ ግሪክ ገቡ። እነሱም እንደኛ ጎረምሳ ሆነው፣ እናት ሆነው፣ ገበያ ላይ እየተሳቀባቸው ነው ግሪክኛ የለመዱት። ስለዚህ ይሄ ታሪክ ለቋንቋ ተማሪ ሩቅ ነው አትበሉኝ።

የተሰሎንቄው፦
ከያያ ጋር የሚያነብ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ሌላው ብቻውን ነው የሚታገለው። ለሱ መጀመሪያ የአልኪ ዜይን «ቶ ካፕላኒ ቲስ ቪትሪናስ» እላለሁ። የ1963 መጽሐፍ ነው፣ ለልጆች የተጻፈ። ሁለት እህትማማቾች ደሴት ላይ ይኖራሉ፣ ቤታቸው መስታወት ውስጥ የቆመ፣ ገለባ የተጠቀጠቀበት አውሬ አለ፣ በ1936 ግሪክ ላይ የሜታክሳስ አምባገነንነት ይመጣል። ታሪክም ነው፣ የቤት ውስጥ ግሪክኛም ነው፦ ምሳ፣ ትምህርት ቤት፣ አክስት ስትቆጣ።

እና ማንኛውንም ስትገዙ አቴንስ፣ ሞናስቲራኪ ገበያ ያለውን አሮጌ ቅጂ ርካሽ ነው ብላችሁ አትዝለሉበት። ከ1982 በፊት የታተመ ከሆነ በየፊደሉ አናት ላይ ዛሬ የማይጻፍ ምልክት ተደርድሮበታል። ማንበብ ይቻላል፣ ጀማሪን ግን ያስበረግጋል።

ባለ ፈተናው፦
እሺ፣ ይሄኛው ይገባኛል። አክስት ስትቆጣ ቢ1 ላይ ይጠቅማል። ዜይን እሞክራለሁ። ሶቲሪዩን ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ልጅ ላይ መጫን አሁንም ልክ አይደለም እላለሁ፤ ሦስት ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም የሚተው ሰው አውቃለሁ። ያያ ያላችሁ አንብቡ።

የያያ ልጅ፦
ያያ የሌለው በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ይፈልግ፣ እየሰማ ይከተል። እኔ ሰኞ ዕረፍት ነኝ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ የሚፈልግ ካለ በስልክ አብረን እናንብብ። ቃል አሳስታችሁ ስትረግጡ ግን ጠረጴዛውን ጠቅ አደርጋለሁ።