መኪናው የማነው? ከስቴት ወደ ስቴት እቃ ለምታስጭኑ የድሬና የሐረር ልጆች

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

ሰላም ናችሁ? ትናንት ማታ ሚኒያፖሊስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሲያትል ሥራ አግኝታ ልትዛወር ነው። «ርካሽ ሙቨር (የቤት እቃ ጫኝ) አገኘሁ፤ 1,900 ዶላር። 600 ቀብድ ዛሬውኑ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ) ላኪ አሉኝ» አለችኝ። ክው አልኩ። እኔም አሜሪካ ሳለሁ የተበላሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዚያችው ከተማ ወደዚያችው ከተማ። ለእሷ በስልክ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው ብዬ ነው። እናንተም ያያችሁትን ጨምሩበት።

የኔ እንዲህ ነበር። አንድ ድረ ገጽ ላይ ስሜንና ስልኬን ሞላሁ። ሰዓት ሳይሞላ አምስት ሰው ደወለ። አንደኛው ምላሱ ማር ነው። «ስንት ክፍል ነው? ስንት አልጋ አለ?» ብሎ ጠየቀኝና 2,100 ዶላር ብሎ ቆረጠልኝ። ቤቴን ያየ ሰው የለም። 500 ቀብድ ላክሁ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ይመጣሉ የተባሉት አመሻሽ ላይ መጡ። መኪናው የኪራይ ነው፤ የድርጅት ስም የለበትም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደጅ ደጁን ሳይ ስለዋልኩ፣ መምጣታቸውን ብቻ አይቼ ደስ አለኝ።

አልጋው፣ ሶፋው፣ ካርቶኑ ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ መሪያቸው ወረቀት ይዞ መጣ። «እቃሽ ከተባለው በላይ ቦታ ይዟል፤ 4,800 ነው» አለኝ። «እንግዲያው አውርዱልኝ» አልኩ። «ለማውረድም ይከፈላል» አለኝ፣ የመኪናውን በር እየቆለፈ። በማግስቱ የቤቱን ቁልፍ ማስረከብ አለብኝ። የአውሮፕላን ትኬቴ ተቆርጧል። ፈረምኩ። እቃው ሲያትል የገባው በ24ኛው ቀን ነው። ቀሪውን በጥሬ ገንዘብ ካልቆጠርሽ በሩ አይከፈትም ተባልኩ። ቆጠርኩ። ሰባት ካርቶን ጎድሎ ተገኘ። አንዱ ውስጥ አያቴ ሐረር እያለች የሰፋችው ባለ ክዳን የግድግዳ ስፌት ነበር።

ከገንዘቡ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እኔ ከፊራ ገበያ ቲማቲም ስገዛ ከላይ የተደረደረውን ትቼ ከስር ያለውን ነው የማየው። ታይዋን ገበያ ስልክ ስገዛ ሲም አስገብቼ፣ እዚያው ቆሜ ደውዬ ነው ሂሳብ የምከፍለው። እንዲህ ያሳደገችኝን ከተማ ረስቼ፣ የጭነት መኪና ፎቶ ስላየሁ ብቻ ለማላውቀው ሰው ቤቴን አስረከብኩ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያነጋገርኩት ሰውዬ መኪና የለውም። ደላላ ነው። ደላላ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ድሬ ላይ ያለ ደላላ ቤት የተከራየ እጁን ያውጣ። ጥፋቱ ደላላውን እንደ ባለቤት ማናገሩ ነው። በአሜሪካ ሕግ የእቃ ደላላም መመዝገብ አለበት፤ ሥራውን መስጠት ያለበትም ለተመዘገበ ጫኝ ብቻ ነው። እቃው ሲጠፋ ግን «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልጫንኩም» ይላል። የእኔም እንዲህ ብሎ ስልኩን ዘጋው። ጫኞቹን ስፈልግ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ስልኩም የማይሠራ ሆነ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ አይደለም። መኪናው የማነው? ነው። ከስቴት ወደ ስቴት የቤት እቃ የሚጭን ሁሉ የዩኤስ ዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር) ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩን ተቀበሉና በፌዴራሉ የከባድ መኪና ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በኤፍኤምሲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ጫኝ ይሁን ደላላ ይነግራችኋል፤ የቤት እቃ የመጫን ፈቃዱ በሥራ ላይ ስለመሆኑም። ስምና አድራሻው ከነገሯችሁ ጋር ይግጠም። አምስት ደቂቃ ነው።

የጀጎል ልጅ (ዴንቨር)

አቦ እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። እኔ ሁለት ክረምት ሙቨር ቤት እቃ ተሸክሜያለሁ። የኛው ድርጅት ደህና ነበር፤ ግን ከሌላ ቤት የመጡ ልጆች አብረውን ይሠሩ ስለነበር ወሬው ሁሉ አለኝ።

አንደኛ፣ «በኪዩቢክ ጫማ» ብሎ ዋጋ ከሚነግራችሁ ተጠንቀቁ። እቃን በቦታ ስትለካው የሚወስነው አደራደሩ ነው። ሶፋውን አጋድመህ በላዩ ምንም ሳትደርብ ብትተወው መኪናው በግማሽ እቃ ይሞላል። ኪሎ ግን አይዋሽም። ደህናው ጫኝ ባዶ መኪናውን ይመዝናል፣ ከጫነ በኋላ እንደገና ይመዝናል፣ ልዩነቱ የእናንተ ነው። ሚዛን ላይ ተገኝቶ ማየት መብታችሁ ነው። ከተጠራጠራችሁ ሳይራገፍ በፊት ይመዘንልኝ ማለትም ትችላላችሁ። ይህን ስትጠይቁት ፊቱ የሚቀየረውን ሰው እዚያው ሸኙት።

ሁለተኛ፣ ሲጭኑ የእቃ ዝርዝር ይጽፋሉ። ከእያንዳንዱ እቃ ጎን ትናንሽ ፊደላት አሉ። ኤስሲ ማለት የተጫረ ነው፣ ቢአር የተሰበረ፣ ሲኤች የተሸረፈ። አንዱ ልጅ ትናንት ከሱቅ የወጣ ቴሌቪዥን ላይ ሦስቱንም ሲጽፍ አይቻለሁ! ሰውየው ቢፈርም ቴሌቪዥኑ ሲሰበር ምን ብሎ ይከራከር? እየተጻፈ አጠገቡ ቁሙ። ያልተስማማችሁበትን እዚያው ወረቀቱ ላይ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ላይ ወላሂ እንዳትፈርሙ።

ገንደ ቆሬ (ዳላስ)

ቁጥሩ እሺ። ቁጥር ኖሮት በሩ ላይ ዋጋ ቢጨምርስ?

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

ጥሩ ጥያቄ። የጽሑፍ ግምት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁርጥ ዋጋ ነው። እቃ ካልጨመራችሁ፣ ተጨማሪ ሥራም ካላዘዛችሁ በስተቀር የተጻፈውን ከፍላችሁ እቃችሁን ትረከባላችሁ። ሁለተኛው ቁርጥ ያልሆነ ግምት ነው፤ ክብደቱ ሲታወቅ ከፍ ዝቅ ይላል። እሱም ልጓም አለው። ስትረከቡ ሊያስከፍሏችሁ የሚችሉት እስከ ግምቱ 110 በመቶ ነው። 2,000 ከተባላችሁ 2,200 ከፍላችሁ እቃውን ማስለቀቅ ትችላላችሁ ማለት ነው። የቀረ ካለ ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጠይቋችሁ።

ሌላም አለ። «ከተባለው በላይ እቃ አለሽ» የሚል ካለ ሳይጭን በፊት ይበል፤ ያኔ አዲስ ግምት ይጻፋል ወይም ይቀራል። ከጫነ በኋላ በድሮው ግምት እንደተስማማ ነው የሚቆጠረው። እኔን ያን ቀን ይህን የነገረኝ ቢኖር ኖሮ! ለነገሩ ሕጉን የያዘ ቡክሌት ጫኙ ራሱ ሊሰጠኝ ይገባ ነበር፣ ግዴታው ነው። አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ይህ ሁሉ ግን ከስቴት ወደ ስቴት ነው። እዚያው ስቴት ውስጥ ከሆነ የስቴቱ ሕግ ነው የሚሠራው።

የባቡሩ ሰው (ሞንትሪያል)

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ለገሀር ትዝ አለኝ። በእኛ ጊዜ እቃ ተመዝኖ ካርኒ ሳይቆረጥለት ፉርጎ ላይ አይወጣም ነበር። ተሳፋሪው ካርኒውን ኪሱ ከትቶ፣ በየጣቢያው እየነካካ ነበር የሚሄደው። እኛ እዚህ ካናዳ ሌላ ሕግ ነው ያለን፤ ቢሆንም ምክርሽ ለሁሉም ይሠራል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለጠፋው ስፌት ካሳ አልጠየቅሽም?

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ ከጠየቁኝስ አይቀር ልንገርዎ። ጠይቄ ነበር። የፈረምኩት ወረቀት ላይ ኃላፊነታቸው በፓውንድ 60 ሳንቲም ነው የሚል አንድ መስመር ነበረች። ሕጉ ሙሉ ዋጋውን የሚተካ ሽፋን እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል፤ እኔ ግን ሳላነብ ፈርሜ ትቼዋለሁ። ስፌቱ ከነክዳኑ ሁለት ፓውንድ ቢመዝን ነው። አንድ ዶላር ከሃያ ሳንቲም። እሱንም አልከፈሉኝም፤ ቢከፍሉኝ ቼኩን እዚያው ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር።

60 ሳንቲሙ በነፃ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ርካሽ ይመስላል። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰባበር 24 ዶላር ነው። ሙሉው ሽፋን ተጨማሪ ያስከፍላል፤ አስሉትና ወስኑ። ካሳ ለመጠየቅ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ወር አላችሁ፣ በጽሑፍ ይሁን። ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናት ፎቶ ግን በምንም ሽፋን መኪና ላይ አይወጣም።

ገንደ ቆሬ (ዳላስ)

እቃውን አልለቅም ካሉስ? የኔ ጎረቤት ሳን አንቶኒዮ ላይ ሁለት ሳምንት መጋዘን ውስጥ ይዘውበት ነበር።

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

ያ እንኳን ስም ያለው ወንጀል ነው፤ እቃ ማገት። ሕጉ ከ10 ሺህ ዶላር የማያንስ ቅጣት አለው፣ የሚያግትበት እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ሊቆጠርበት ይችላል። እስር ሁሉ አለበት። አቤቱታ የሚቀርበው እዚያው ኤፍኤምሲኤስኤ ነው፤ ስልኩ 1-888-368-7238። ገና እቃው በእጃቸው እያለ ደውሉ። እኔ መጀመሪያ የደወልኩት ለፖሊስ ነበር። «የውል ክርክር ነው» ብለውኝ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2023 መሥሪያ ቤቱ በእንደነዚህ ዓይነት ጫኞች ላይ ለብቻው ዘመቻ ከፍቶ ነበር፤ ስለዚህ አትናቁት።

ክፍያውን በተመለከተ፦ ክሬዲት ካርድ። በዜል ወይም በጥሬ ገንዘብ የሄደ ቀብድ እንደ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነው፣ ተመልሶ አይመጣም። በካርድ ከሆነ ቢያንስ ለባንኩ «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ብሎ መከራከር ይቻላል። ደህናው ድርጅት ብዙ ቀብድ አይጠይቅም፤ አብዛኛውን ሂሳብ ሲያደርስ ነው የሚቀበለው።

የጀጎል ልጅ (ዴንቨር)

እስከ ድሬ የምንልክስ? አንቺ እቃሽን እንዴት አደረግሽ?

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን። በአጭሩ፣ በጅቡቲ አድርጎ ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ገባ። እዚህም ጥያቄው ያው ነው። ትራንዚተር (ጉምሩክ አስፈጻሚ) ነኝ የሚለው ሁሉ ትራንዚተር አይደለም። ፈቃዱን አይታችሁ፣ እዚሁ ድሬ ጉምሩክ ዘመድ ልካችሁ አጣርታችሁ ውክልና ስጡ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። መኪናው ሳቢያን ሰፈር በራችን ላይ ሲቆም የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከበቡኝ። መጀመሪያ የጠሩት ዋጋ ሲያትልን አስታወሰኝ። በዚህኛው ግን ነቅቻለሁ። የመኪናው በር ሳይከፈት ቆሜ ተከራከርኩ። ከኔ የባሰ ተከራካሪ ደግሞ እናቴ ነበረች፤ አንዱን ልጅ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ስትለው የአባቱን ስም ተናገረ፣ አባቱ ባቡር ላይ ከአባቴ ጋር የሠሩ ሆነው ተገኙ። ዋጋው በግማሽ ወረደ። ሚኒያፖሊስ ላይ ያጣሁት እሷን ነው መሰለኝ።

የሚኒያፖሊሷ (እኔው ነኝ፣ የአክስቷ ልጅ)

ስሜን ሳትጠሪ አሳማሽኝ አይደል! ደወልኩላቸው። ቁጥሩን ስጠይቅ ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሰጠኝ። አስገባሁት። ደላላ ነው የሚለው፣ ጫኝ አይደለም። «እሺ፣ የሚጭነው ድርጅት ማነው?» አልኩት። «በዕለቱ እንነግርሻለን» አለኝ። «እንግዲያው ቀብዱንም በዕለቱ እሰጥሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ ደውሏል፤ ዋጋውም 1,500 ገብቷል።

ቅዳሜ ሌላ ድርጅት ቤቴን በቪዲዮ ሊያይ ቀጠሮ ይዟል። የራሱ መኪና እንዳለው አይቻለሁ። 3,400 አካባቢ ይሆናል ብሎኛል፣ ቁርጡን ካየ በኋላ ይጽፋል። ውድ ነው፣ ምን ይደረግ። እናቴ የላከችልኝን የሐረር መሶብ ግን ማንም አይጭነውም፤ በእጄ ይዤው ነው አውሮፕላን የምሳፈረው።

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)

ጎበዝ። ክዳኑን አውልቀሽ ለብቻ ያዢው፣ ከነክዳኑ ከላይኛው መደርደሪያ አይገባም። መሶቡ ውስጥ ደግሞ ሻርፕ ጠቅጥቂበት፣ እንዳይጨፈለቅ። ቅዳሜ ሰውየው የጻፈልሽን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ሳልተኛ እጠብቅሻለሁ።