አስቸኳይ፦ ሞዴሉ የገበሬዎቹን መልስ ሁሉ «ዱዓና ጸሎት» ብሎ ይመድባል

የለጋምቦዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በልግ ሲቀር ገበሬው ምን እንደሚያደርግ ለማጥናት ከለጋምቦና ከራያ ቆቦ የተሰበሰቡ ቃለ መጠይቆችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየመደብኩ ነው። ምድቦቹ ከብት መሸጥ፣ ለሥራ መሰደድ፣ ዘር መለወጥ፣ ጎርፍ መጥለፍ፣ መረዳዳት፣ ዱዓና ጸሎት ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ሁሉንም ማለት ይቻላል በመጨረሻው ያስገባዋል። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ስለማቀርበው እባካችሁ ድረሱልኝ።

ወልድያ፦ በመጀመሪያ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም ሰንና ሠን ወደ አንድ ፊደል አምጪያቸው። አንዱ ቃል በተለያየ ፊደል ሲጻፍ ሞዴሉ እንደተለያየ ቃል ያየዋል።

ኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ የትኛውን ሞዴል ነው የምትጠቀሚው? የጉግል ባለ 104 ቋንቋው በርት ከሆነ አማርኛ አልተማረም፤ ፊደላችንን ስለማያውቅ ቃሉን ሁሉ «ያልታወቀ» አድርጎ ያልፈዋል።

የለጋምቦዋ፦ ኤክስኤልኤም-ሮበርታ ነው። አጫጭር መልሶችን ሳስገባ ደህና ይሠራ ነበር።

አባ ሙሄ፦ ልጄ፣ ችግሩ ከማሽኑ በፊት ከምድቦቹ ይጀምራል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ዱዓ ማድረጉን ከብት ከመሸጡ ለይቶ አያየውም። ለዝናብ በተሰበሰበበት የወዳጃ ዱዓ ላይ ዘር ያለቀበት ጎረቤትም ይታሰባል፤ ታዲያ ይህ ጸሎት ነው ወይስ መረዳዳት? አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል የሚለውን መነሻሽን አልቀበለውም።

ሐይቅ፦ ፊደላቱን አንድ አድርጊ፤ እኔም በዚያ ነው የተገላገልኩት።

ደሴ፦ አንድ መልስ እዚህ ለጥፊልን።

የለጋምቦዋ፦ «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ያመጣውን እንችላለን፤ ዝናብ በእርሱ እጅ ነው…» ብለው ይጀምራሉ። ሰፊ ጨዋታ ካወሩ በኋላ «ወይፈኑን ሸጥኩት፣ ልጄም ሳዑዲ ሄደ» ይላሉ። ትናንት ያስገባሁት ሙሉ ቃለ መጠይቁን ነው።

ደሴ፦ እንግዲያው ጉዳዩ ይኸው ነው። ይህ ሞዴል በአንድ ጊዜ የሚያነበው ቢበዛ 512 የቃል ቁራጭ ነው፤ አንድ የአማርኛ ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቁራጭ ይሆናል። ምስጋናውንና ዱዓውን አንብቦ ወይፈኑ ጋ ሳይደርስ ጽሑፉ ተቆርጦበታል። ቃለ መጠይቁን በየጥያቄው ከፋፍለሽ አስገቢ። የአባ ሙሄንም ቃል አትለፊው፤ የሞዴሉን የመጨረሻ ንብርብር ምድቦቹን አወዳድሮ አንዱን ከሚያስመርጠው ሶፍትማክስ እያንዳንዱን ምድብ ለየብቻ ወደሚመዝነው ሲግሞይድ ብትለውጪው አንዱን መልስ በሁለትና በሦስት ምድብ ማስቀመጥ ይቻላል። ለዚህ ግን ሥልጠናው መደገም አለበት፤ ለነገ መከፋፈሉ ይበቃሻል።

ኮምቦልቻ፦ ስትከፋፍዪ የአንዱ ገበሬ መልሶች ከፊሉ በማሠልጠኛው፣ ከፊሉ በመፈተኛው ውስጥ እንዳይገቡ ተጠንቀቂ፤ ሞዴሉ ሰውየውን በአነጋገሩ ለይቶ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያምርብሻል። ለአማካሪሽም አጠቃላይ የትክክለኛነት ቁጥር ብቻ አታሳዪ። የሚሰደዱት ጥቂት ከሆኑ ሁሉንም ቢስታቸው እንኳ ያ ቁጥር ብዙም አይወርድም፤ የየምድቡን ለየብቻ አውጪ።